ልም አጥንት ሲሳሳ ኤምአርአይ ምን ያህል ቀድሞ ያያል? ከወሎ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉልበቱን ወይም ዳሌውን የሚያመው ሰው ከኩታበር፣ ከሐይቅ፣ ከባቲ ወይም ከመካነ ሰላም ተነስቶ ደሴ ሲደርስ፣ ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ አንድ ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ኤምአርአይ ተነሳ፣ እሱ ሁሉንም ያሳያል።» ማሳየቱን ብዙ ያሳያል። የታየው ነገር ለታካሚው ምን ይፈይዳል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በዚሁ ላይ ነው።

ልም አጥንት የሚባለው የቱ ነው?

የበግ ቅልጥም ከመገጣጠሚያው ሲለያይ ጫፉ ላይ ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጣት የሚያሟልጭ ሽፋን ይታያል። እሱ ነው። በሰው ጉልበት ላይ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ወፍራሙ የሚገኘው ከጉልበት ሎሚ ጀርባ ነው። ከክብደቱ ከ65 እስከ 80 በመቶው ውሃ ነው። ውሃውን ይዘው የሚያቆዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ኮላጅን የሚባል የጭረት መረብ፣ በመረቡ መሐል ደግሞ ውሃ የሚስቡ ፕሮቲዮግላይካን የሚባሉ ሞለኪውሎች።

ልም አጥንት የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ስንራመድ ይጫናል፣ ይለቀቃል፣ በዚያ መሐል ይመገባል። በዚህ ምክንያት ከተጎዳ በኋላ ቆዳና አጥንት በሚጠግጉበት አኳኋን አይጠግግም። ነርቭም የለውም። ሕመሙ የሚመጣው ከሥሩ ያለው አጥንት፣ የመገጣጠሚያው ውስጠኛ ሽፋን ወይም ዙሪያውን ያቀፈው ከረጢት ሲቆጣ ነው። ስለዚህ ሰው «አመመኝ» ብሎ በሚመጣበት ቀን ልም አጥንቱ ብዙውን ጊዜ ቀደም ብሎ መለወጥ ጀምሯል።

ራጅ ተነስቼ «ምንም የለብህም» ተባልኩ። ጉልበቴ ግን ያመኛል። ማን ነው ልክ?

ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ ልም አጥንት በራጅ ላይ አይታይም። ሐኪሙ የሚያየው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍተት ነው፤ ክፍተቱ ከጠበበ ልም አጥንቱ ሳስቷል ብሎ ይገምታል። ጉዳቱን ከዜሮ እስከ 4 የሚያስቀምጠው የኬልግሬንና ሎውረንስ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1957 ወጥቶ ዛሬም ይሠራበታል፤ የሚመለከተውም በጠርዝ ላይ የሚበቅለውን ትርፍ አጥንትና ይህንኑ መጥበብ ነው። ክፍተቱ በግልጽ እስኪጠብ ድረስ ብዙ ልም አጥንት ሊሄድ ይችላል።

ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ከራጁ አነሳስ ይጀምራል። ተኝተው የተነሱት የጉልበት ራጅ ክፍተቱን ሰፊ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። መነሳት ያለበት ቆመው፣ ክብደትዎ ጉልበትዎ ላይ አርፎ ነው። ወደ ኤምአርአይ ከመሮጥዎ በፊት «የኔ ራጅ ቆሜ የተነሳሁት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ካልሆነ ድጋሚ ቆመው ይነሱ፤ ዋጋው ከኤምአርአይ ጋር አይወዳደርም።

ኤምአርአይ እንዴት ነው የሚያየው? ጨረሩ አይጎዳም?

ጨረር የለውም። ትልቅ ማግኔት ነው። በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በማግኔቱ አቅጣጫ ይሰለፋል፤ መሣሪያው በሬዲዮ ሞገድ ከሰልፉ ያወጣዋል፤ ወደ ቦታው ሲመለስ የሚሰጠውን ምልክት ተቀብሎ ምስል ይሠራል። ለዚህ ሥራ ፖል ላውተርቡርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል። ልም አጥንት አብዛኛው ውሃ በመሆኑ ለዚህ መሣሪያ የተመቸ ነው። ውፍረቱ፣ ስንጥቁ፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ውሃ መቋጠሩ፣ ሜኒስከሱ (በሁለቱ የጉልበት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ)፣ ጅማቱ በአንድ ምርመራ ይታያል። ጨረር ያላቸው ራጅና ሲቲ ስካን ናቸው።

«ቀድሞ ያያል» ሲባል ምን ያህል ቀድሞ ነው?

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ።

የተለመደው የጉልበት ኤምአርአይ የሚያሳየው ቅርጽን ነው። ልም አጥንቱ ተሰንጥቆ፣ ሳስቶ ወይም ተልጦ ከሆነ ራጅ ምንም ሳያይ እሱ ያያል። ይሁን እንጂ ስንጥቅ የጉዳቱ መጀመሪያ አይደለም። ከስንጥቁ በፊት ውስጡ ይለወጣል፦ ፕሮቲዮግላይካኑ ይመናመናል፣ የኮላጅኑ መረብ ይላላል፣ ውሃው ይበዛል፣ እንደ ልቡም ይንቀሳቀሳል። ጥብቅ ብሎ የተሰፋ መሶብ ስፌቱ ሲላላ ከሩቅ ለሚያየው ያው መሶብ ነው፤ እጅ ሲያርፍበት ግን ይሰረጉዳል። የተለመደው ኤምአርአይ ይህን ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ሳያየው ያልፋል።

ይህን ለመያዝ የተሠሩ ስልቶች አሉ። ውጤታቸው በቀለም የተሞላ የልም አጥንት ምስል ስለሆነ ባለሙያዎች «ካርታ» ይሏቸዋል። በብዛት የሚሠራበት ቲ-ቱ የሚባለው ነው። የሃይድሮጅኑ ምልክት በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚደክም ይለካል፤ መረቡ ጥብቅ ከሆነ ምልክቱ ቶሎ ይደክማል፣ ሲላላና ውሃው ሲበዛ ይቆያል። የቲ-ቱ ቁጥር ከፍ ማለቱ እንግዲህ የመላላት ምልክት ነው። መርፌ አይፈልግም፣ በብዙ ዘመናዊ ማሽኖችም ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ከካርታዎቹ ሁሉ ለሕክምና የቀረበው እሱ የሆነው ለዚህ ነው። ቲ-ዋን-ሮ የሚባለው ደግሞ በይበልጥ የፕሮቲዮግላይካኑን መመናመን ይከታተላል።

ዲጄምሪክ የሚባለው ብልሃቱ የሚያስገርም ነው። ፕሮቲዮግላይካን ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ለምርመራው በደም ሥር የሚሰጠው የጋዶሊኒየም ኮንትራስትም (ምስሉን የሚያደምቅ መድኃኒት) እንዲሁ ኔጌቲቭ ነው፤ ስለዚህ ይገፋፋሉ። ፕሮቲዮግላይካኑ በሳሳበት ቦታ ግን የሚገፋው ስለሌለ ኮንትራስቱ ይገባል፣ የገባበት ቦታም በምስሉ ይለያል። ታካሚው መርፌውን ተወግቶ 10 ደቂቃ ያህል ይራመድና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ጠብቆ ይነሳል። ችግሩ የኮንትራስቱ ዓይነት ነበር፦ የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ጋዶሊኒየም በሰውነት ውስጥ ይቀራል በሚል ስጋት ለዚህ ያገለግል የነበረውን ዓይነት በደም ሥር መስጠት እንዲቆም ወሰነ፤ ስልቱም እየቀዘቀዘ ሄደ። ሶዲየምን የሚያነብ ኤምአርአይም አለ። ምልክቱ በጣም ደካማ ስለሆነ ልዩ ኮይል (በሚታየው የሰውነት ክፍል ላይ የሚደረግ ምልክት ተቀባይ) እና 3 ወይም 7 ቴስላ (የማግኔት ኃይል መለኪያ) የሆነ ብርቱ ማግኔት ይጠይቃል፤ ከምርምር ማዕከላት ብዙም አልወጣም።

ካርታው የሚሳሳትበት ጊዜም አለ። የኮላጅኑ ጭረቶች ከማግኔቱ አቅጣጫ ጋር 55 ዲግሪ ገደማ ሲሠሩ ጤነኛ ልም አጥንት እንኳ የተጎዳ መስሎ ይታያል። የጭን አጥንት ጫፍ ክብ ስለሆነ ይህ ማዕዘን የሆነ ቦታ ላይ መገኘቱ አይቀርም፤ ልምድ የሌለው አንባቢ እዚያ ላይ በሽታ ያነባል። መራመድም ቁጥሩን ይለውጣል። ከጦሳ ተራራ ወገብ ቁልቁል በእግሩ ወርዶ በቀጥታ ማሽኑ ላይ የሚተኛ ሰው ልም አጥንቱ ለጊዜው ተጨምቆ ውሃው ቀንሷል፤ አርፎ ከተነሳ ሰው ጋር ማወዳደር አይቻልም። ለዚህ ነው በጥናቶች ላይ ሰዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲቀመጡ የሚደረገው።

ታዲያ ይህ ካርታ ለእኔ ይታዘዝልኛል?

በአብዛኛው አይታዘዝም። ሐኪምዎ «የጉልበት ኤምአርአይ» ብሎ ሲጽፍ የተለመደውን ማለቱ ነው።

ስለ ካርታው የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ብዙ ሰው በአንድ ላይ ከተጠናባቸው ሥራዎች ነው። አንዱ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 79 የሆኑ 4,796 ሰዎችን በ3 ቴስላ ማሽን ለዓመታት የተከታተለው የኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) ጥናት ነው። በሺዎች መካከል አማካዩን ማወዳደር አንድ ነገር ነው፤ እርስዎን ብቻ አስተኝቶ «ቁጥርዎ ይህ ስለሆነ በሽታ ጀምሮዎታል» ማለት ሌላ። ከማሽን ማሽን ቁጥሩ ይለያያል፤ ጤነኛውን ከታማሚው የሚለይ፣ ሁሉም የተስማማበት መስመር የለም። «የልም አጥንት ካርታ» ተብሎ ተጨማሪ ክፍያ ቢጠየቁ፣ ውጤቱ ሕክምናዎን በምን እንደሚለውጠው ይጠይቁ። አጥጋቢ መልስ ካላገኙ ገንዘብዎን ኪስዎ ይመልሱ።

ቀድሞ ከታየ ይድናል?

የሳሳን ልም አጥንት መልሶ የሚያበቅል፣ ወይም መሳሳቱን እንደሚያቆም ተረጋግጦ የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ይህን ሳይናገሩ «ቀድመው ይመርመሩ» ማለት ንግድ እንጂ ሕክምና አይመስለኝም።

ቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው ሊጠገን የሚችል ነገር ሲገኝ ነው፦ ከሥሩ የተነቀለ ሜኒስከስ፣ የተበጠሰ ጅማት፣ ወጣት ሰው ላይ በአንድ ቦታ ብቻ የተቦደሰ ልም አጥንት። ከዚያ ውጭ ያለው ሕክምና ኤምአርአይ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ነው። ክብደት መቀነስ፣ ለምሳሌ። አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያነሳል። የጭን ጡንቻን ማጠንከርም እንዲሁ፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ አንስቶ ማቆየት፣ ከፍ ካለ ወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና መቀመጥ። ይህን ነገ ጠዋት ለመጀመር ማንም ሰው ምስል አያስፈልገውም።

እንግዲያው ኤምአርአይ መነሳት ያለበት ማን ነው?

ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ ተጠምዝዞ «ቋ» ያለና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ወጣት የመጀመሪያው ነው። የፊተኛው የጉልበት ጅማት ሲበጠስ ጉዳቱ እዚያ አያበቃም፤ ከ10 እስከ 20 ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ የመገጣጠሚያ መበላት ይታያል። በ20 ዓመቱ የተጎዳ ልጅ ገና በ40 ዓመቱ የሽማግሌ ጉልበት ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። ወጌሻ አሽቶት እብጠቱ ስለጎደለ ብቻ «ድኗል» ተብሎ ወደ ሜዳ የሚመለሰው ልጅ ያሳስበኛል።

ጉልበቱ በድንገት ተቆልፎ አልዘረጋም የሚለው ሰውም ይነሳ። ብሽሽቱን እያመመው ራጁ ንጹሕ የሆነ፣ በተለይም የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ወይም መጠጥ የሚያበዛ ሰው እንዲሁ፤ የጭን አጥንት ራስ ደም አጥቶ መሞት ሲጀምር ቀድሞ የሚያየው ኤምአርአይ ነው። ቀዶ ሕክምና የታቀደለትም ሐኪሙ ሲያዝለት ይነሳል።

እማዬ 62 ዓመቷ ነው፤ ቁልቁለት ስትወርድና ከበርጩማ ስትነሳ ጉልበቷን ያማታል። ዓረብ አገር ያለችው እህቴ የኤምአርአይ ገንዘብ ልላክ ትላለች። ትላክ?

ገንዘቡን ትላክ፣ ለኤምአርአይ ግን አይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የአሜሪካ የፍራሚንግሃም ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 በላይ የሆኑ፣ ራጃቸው የመገጣጠሚያ መበላትን ያላሳየ 710 ሰዎችን በኤምአርአይ አየ። 89 በመቶው ላይ ቢያንስ አንድ ጉድለት ተገኘ፤ ጉልበታቸውን በማያማቸው ሰዎች ላይ እንኳ ከዚህ ብዙ ያነሰ አልነበረም። እናትዎ ቢነሱ አንድ ነገር መገኘቱ አይቀርም። የተገኘው ነገር ግን የሕመማቸው ምክንያት ላይሆን ይችላል። «ሜኒስከስ ተቀዷል» የሚል ወረቀት ተይዞ ወደማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና የሚኬደውም በዚህ መንገድ ነው።

ቁልቁለት ሲወርዱና ከዝቅተኛ መቀመጫ ሲነሱ የሚብስ ሕመም ብዙ ጊዜ ከጉልበት ሎሚ ጀርባ ያለውን ቦታ ያመለክታል። በእህትዎ ገንዘብ ቆመው የሚነሱት ራጅ ይሠራ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የጭን ጡንቻ ስፖርት ያስተምራቸው፤ ቡና ሲያፈሉ ከበርጩማው ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይኑራቸው፤ ለመጸዳጃ ቤት መቀመጫ ይሠራላቸው። ዱላ ቢይዙ ከሚያማቸው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይሁን፤ ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል። የሕመም ማስታገሻ በተከታታይ የሚወስዱ ከሆነ ደም ግፊታቸውና ኩላሊታቸው ይታይ። ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዙ ወራት መዋጥ ጨጓራን ያቆስላል፣ ኩላሊትን ይጎዳል።

«የጉልበትዎ ቅባት አልቋል» ተባልኩ። ኤምአርአይ ላይ ይታያል?

እንዲህ የሚያልቅ ቅባት የለም። እንዲያውም የተቆጣ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ፈሳሽ ያበዛል፤ ኤምአርአይ ላይም የሚታየው ትርፉ ነው። ሊሉ የፈለጉት ልም አጥንቱ መሳሳቱን ሳይሆን አይቀርም።

የኤምአርአይ ወረቀቱ ላይ «ግሬድ 2» ይላል። ምን ማለት ነው?

አብዛኞቹ ራዲዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1961 ከወጣው የአውተርብሪጅ ደረጃ የተወሰደ አቆጣጠር ይጠቀማሉ። ግሬድ 1 ገጽታው ሳይቀደድ መለስለስና ማበጥ ነው። ግሬድ 2 ጉዳቱ ከውፍረቱ ከግማሽ በታች፣ ግሬድ 3 ከግማሽ በላይ ገብቷል ማለት ነው። ግሬድ 4 አጥንቱ ተራቁቷል። ደረጃው የሚሰጠው ለአንድ ቦታ እንጂ ለጉልበቱ በሙሉ አይደለም፤ ከሎሚው ጀርባ 3 ሆኖ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል።

ከግሬዱ ይልቅ እኔ ቀድሜ የምፈልገው «የአጥንት መቅኔ ውሃ መቋጠር» የሚለውን መስመር ነው። ከልም አጥንቱ ሥር ያለው አጥንት ጫና እንደበዛበት ይናገራል፤ ከሕመሙም ሆነ ከጉዳቱ መፍጠን ጋር ይያያዛል። ግሬድ 1ን በተመለከተ ደግሞ፣ በተለመደው ኤምአርአይ ላይ አንዱ አንባቢ «አለ»፣ ሌላው «የለም» ሊል የሚችልበት ደረጃ ስለሆነ በእሱ ብቻ አይደንግጡ።

በጦርነቱ ጊዜ የተመታሁ ነኝ፤ ፍንጣሪው ሳይወጣ ቀርቷል። መነሳት እችላለሁ?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ከደረሰ ወዲህ ይህ ጥያቄ የብዙ ሰው ነው፤ ሲቪሉም ወታደሩም ያነሳዋል። መልሱ «ሳይናገሩ አይግቡ» ነው።

የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው፤ ማግኔቱ ይስበዋል፣ ሊያንቀሳቅሰው ወይም ሊያሞቀው ይችላል። የጥይት እርሳስና መዳብ በማግኔት አይሳቡም፤ ነገር ግን ውስጡ ወይም ሽፋኑ ብረት የሆነ ጥይት አለ፣ ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም። ዋናው የተቀመጠበት ቦታ ነው። ዓይን፣ አንጎል፣ ህብለ ሰረሰር ወይም ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ከሆነ አደጋው የከፋ ነው። ጭን ጡንቻ ውስጥ ዓመታት ቆይቶ ጠባሳ የያዘው ሌላ ነው። መጀመሪያ ቦታው በራጅ ይታያል፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ራዲዮሎጂስቱ ነው። ብየዳ ወይም ብረት መቁረጥ ላይ የሠራና ዓይኑ ውስጥ ብናኝ ገብቶ የሚያውቅ ሰውም ይህንኑ ይናገር።

ተፈቅዶም ቢሆን ብረቱ ጉልበቱ አጠገብ ካለ ዙሪያው በምስሉ ላይ ይጠቁራል፤ ልም አጥንቱን ለማየት የተሄደበት ጉዳይ ሳይሳካ ሊቀር ይችላል። ሰበራው በብረት የታሠረለት ሰው አብዛኛውን ጊዜ መነሳት ይችላል፤ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይዞ ይምጣ። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰው ግን የመሣሪያው ዓይነት ሳይጣራ ክፍሉ በር ላይ እንኳ መቆም የለበትም።

ክታብ፣ የአንገት መስቀል፣ ንቅሳት፣ ኩል፣ ሉፕ?

የብረት ማቀፊያ ያለው ክታብ፣ መስቀል፣ ሐብል፣ የጆሮ ጌጥ፣ የፀጉር ወስፌና ማስያዣ ይውለቁ፤ ለአስታማሚው ይሰጡ። ኩል ይታጠብ፤ አንዳንዱ የብረት ብናኝ ስላለበት ዓይንን ሊያቃጥል ይችላል። የአንገትና የድድ ንቅሳት ያለባቸው እናቶች ለባለሙያው ይንገሩ፤ ቀለሙ ብረት ካለው ሊሞቅ ይችላል፣ ከሞቀ ወዲያው ይጥሩ። ክንድ ሥር የሚቀበረው ኢምፕላኖንና ማህፀን ውስጥ የሚገባው የመዳብ ሉፕ አይከለክሉም፤ ቢሆንም ይነገሩ። እርጉዝ ሴት አስፈላጊ ከሆነ ያለ ኮንትራስት መነሳት ትችላለች፤ ጋዶሊኒየሙ ግን ይቅርባት።

መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ውስጥ ያለ ሰው ምን ይሆናል?

ምንም አይሆንም፤ ምርመራው ይቋረጣል፣ ባለሙያው ስቦ ያወጣዎታል። ሰው የማያውቀው ግን ማግኔቱ አብሮ አለመጥፋቱን ነው። ብርቱዎቹ ማሽኖች ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በቀዘቀዘ ሂሊየም የሚጠበቁ ስለሆኑ መብራት ጠፋ ብሎ ኃይላቸው አይቆምም። አስታማሚ «ጠፍቷል» ብሎ ስልኩን፣ ቁልፉን ወይም ጀሪካን የሚያህል የብረት ዕቃ ይዞ ዘው እንዳይል።

ጾም ላይ ነኝ። ያስፈጥረኛል?

የጉልበት ኤምአርአይ ባዶ ሆድም ምግብም አይጠይቅም። በረመዳንም በዐቢይ ጾምም መነሳት ይቻላል። ኮንትራስት በመርፌ የሚሰጥዎት ከሆነ ብቻ የሃይማኖት አባትዎን ይጠይቁ።

ሶላትና ስግደት፣ ወይም ግሸን መውጣት ልም አጥንቴን ይበላዋል?

ጤነኛን ጉልበት አይበላውም፤ መንቀሳቀስ የልም አጥንቱ መመገቢያ ነው ብለናል። የሚያመውን ጉልበት ግን ሙሉ በሙሉ ማጠፍ ሎሚው ላይ ያለውን ጫና ያበዛዋል። እስልምና ለታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድን ፈቅዷል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚቆሙ አባቶች ደግሞ መቋሚያቸው አለ። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚወጣ ሰው ዳገቱን ፈርቶ ቁልቁለቱን ይንቃል፤ ጉልበትን የሚፈትነው ግን መውረዱ ነው። ሁለት ዱላ ይያዙ፣ በአጭር እርምጃ ይውረዱ። በማግስቱ ካበጠ በዝቶበታል ማለት ነው።

ሁሉም የጉልበት ሕመም የልም አጥንት መሳሳት ነው?

አይደለም፤ ይህ መዘግየት የሌለበት ነገር ነው። ጉልበቱ በድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ ትኩሳት ካለ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ሊኖር ይችላል፤ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይኬዳል። በወራት ቀስ ብሎ ያበጠ፣ ማታ ማታ ከማላብና ከመክሳት ጋር የመጣ ከሆነ የመገጣጠሚያ ቲቢ ይታሰባል። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያዋልድ አርሶና አርብቶ አደር ዳሌውንና ወገቡን እያመመው ትኩሳቱ ከመጣ ከሄደ ብሩሴሎሲስ (ከከብት የሚተላለፍ በሽታ) መመርመር አለበት። የሁለቱም እጆች ጣቶች ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ደርቀው የሚቆዩ ከሆነ ደግሞ ሩማቶይድ (ሰውነት የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ) ሊሆን ይችላል። እነዚህን የሚለየው በቅድሚያ ደም ምርመራና ከመገጣጠሚያው የሚቀዳ ፈሳሽ ነው።

ታዞልኛል። ከመነሳቴ በፊት ምን ላጣራ?

ደሴ ላይ ካልተገኘ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይደውሉ። ማሽኑ እየሠራ ነው? ስንት ቴስላ ነው? ለልም አጥንት 1.5 ጥሩ ነው፣ 3 ይሻላል፤ ከ0.5 በታች የሆኑት ክፍት ማሽኖች ጅማትን ያሳዩ ይሆናል እንጂ ቀጭን የልም አጥንት ጉዳት ያመልጣቸዋል። የጉልበት ኮይል አላችሁ? ዋጋው ለአንድ ጉልበት ነው ለሁለት? የራዲዮሎጂስቱን ንባብ ይጨምራል? የጤና መድህን አባል ከሆኑ ከጤና ጣቢያዎ ጀምሮ ያለውን የሪፈር ወረቀት ይያዙ፤ ምርመራው የሚሸፈን መሆኑንም ከመሳፈርዎ በፊት ይጠይቁ።

ምርመራው ከ20 እስከ 45 ደቂቃ ይወስዳል፤ ማሽኑ ይንኳኳል፣ የጆሮ መድፈኛ ይጠይቁ። ለጉልበት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ጭንቅላት ከማሽኑ ውጭ ይቀራል፤ ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ይህን ቢያውቅ ይቀለዋል።

ውጤቱን በምን ልያዝ?

ፊልሙ ብቻ አይበቃም፤ ሲዲ ይጠይቁ። በፊልም ላይ የሚታተመው ከመቶዎቹ ምስሎች ጥቂቱ ነው፣ ቀጭን ስንጥቅ ደግሞ አንድ ሁለት ምስል ላይ ብቻ ሊታይ ይችላል። የድሮ ራጅዎንም አብረው ይያዙ፤ ራዲዮሎጂስቱ ከምስሉ ጋር አስተያይቶ ያነበዋል። ከዓመት በኋላ ድጋሚ ቢታዘዝ በተቻለ መጠን እዚያው ማሽን ላይ ይነሱ፣ ሲዲውንም ከፀሐይና ከጭረት ጠብቀው ያስቀምጡ።